የካፒቴኑ አደራ

በቀል ጥሩ አይደለም ሲባል እሰማለሁ። ቤተ ክርስቲያን ስሄድም ይነገረኛል፤ እኔም አንገቴን እየነቀነቅኩ አዎ እላለሁ። ግን ባለፈው ዓመት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ለንደን ባተርሲ ውስጥ አርባ ሰው በቆመበት ሳሎን የሆነው ነገር ትዝ ባለኝ ቁጥር ልቤ ቅቤ ይጠጣል። ይህን የምነግራችሁ እንድታመሰግኑኝ አይደለም። የሆነውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ልንገራችሁ፤ ከዚያ እናንተው ፍረዱ።

ያኔ ሥራዬ ኬረር ነበር። አቅመ ደካሞችን ቤታቸው ድረስ እየሄድኩ አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ አበላለሁ። ለንደን የገባሁት በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ በስደት ነው፤ አሁን አርባ ስድስት ደፍኛለሁ። አባቴ ሲሞት እናቴን ከድሬዳዋ አስመጣኋትና ዊልስደን ሰፈር አብረን እንኖራለን። በሥራዬ አንድ ስም ነበረኝ፤ ታማኝ የሚል። ውድ ውድ ዕቃ የሞላበት ቤት ሲገኝ ኤጀንሲው "እዚያ ዘነበችን ላኩ" ይላል። እኔም ደረቴን ነፍቼ እሄድ ነበር።

ባተርሲ፣ ሚስተር ዌንሎክ ቤት የላኩኝም በዚሁ ስሜ ነው። ዘጠና አንድ ዓመታቸው ነበር፤ ሚስት የላቸው፣ ልጅ የላቸው። ያላቸው አባት ብቻ ነው። አባታቸው ካፒቴን ዌንሎክ ከመቶ ዓመት በፊት በመርከብ ዓለምን ሲዞር የኖረ፣ የባሕር ጀብዱና የሩቅ አገር ጉዞ እየጻፈ ስሙ የገነነ ደራሲ ነበር አሉ። እኔ ከዚያ በፊት ስሙን ሰምቼ አላውቅም። ቤቱ ግን ግድግዳው ሁሉ ካርታና የመርከብ ሥዕል ነው፤ አቧራውን ለማራገፍ ብቻ ግማሽ ቀን ይፈጃል። የሽማግሌው ዓይን ስለደከመ ከምሳ በኋላ የካፒቴኑን መጽሐፍ እኔ አነብላቸዋለሁ። ስሳሳት ያርሙኛል፤ በደንብ ካነበብኩ "ጎበዝ" ብለው እጄን መታ መታ ያደርጉኛል። እውነቱን ለመናገር ወድጃቸው ነበር።

በዚያ ሳምንት ቤቱ ሽር ጉድ ላይ ነበር። የካፒቴኑ አድናቂዎች ማኅበር የሚባል አለ፤ ቅዳሜ ዕለት መጥተው በቤቱ የውጭ ግድግዳ ላይ የመታሰቢያ ሰሌዳ ሊሰቅሉ ነው። ማክሰኞ ከምሳ በኋላ ሽማግሌው በጣም ደስ ብሏቸው፣ ዛሬ የምታነቢልኝ የመጽሐፉን ዋና ምዕራፍ ነው፣ ቅዳሜም ለእንግዶች የሚነበበው እሱ ነው፣ ሰው ሁሉ በሳቅ የሚሞትበት ነው አሉኝ። ገጹን አውጥቼ ጀመርኩ።

ምዕራፉ የሚጀምረው ታጁራ ወደብ ላይ ነው። ካፒቴኑ አንድ አስተርጓሚ ቀጥሯል፤ ስሙ ሀብቴ፣ ሐረር ሚሲዮን ፈረንሳይኛ የተማረ፣ ግራ እግሩን የሚያነክስ። ካፒቴኑና ሁለት የለንደን ሸሪኮቹ ከባሕር ያወጡትን ዕንቁ ሁሉ በአንዲት የቆርቆሮ ሣጥን ከትተዋል። ሣጥኗ አንድ ዳቦ ታክላለች፤ ዙሪያዋን በቀለጠ እርሳስ ታሽጋለች፤ ክዳኗ ላይ መልሕቅ የያዘች ወፍ ተቀርጻባታለች። አንድ ማለዳ ካፒቴኑ ሲነሳ ሣጥኗም የለች፣ አንካሳውም የለ። ከዚያ በኋላ አራት ገጽ ሙሉ የአንካሳው አሯሯጥ፣ የአንካሳው ቅጥፈት፣ የዚያ አገር ሰው ሌብነት እየተባለ ይቀለድበታል።

ሽማግሌው ሳቀ። እስኪያስለው ሳቀ። እኔም እንደ ልማዴ ተነስቼ ጀርባውን መታ መታ አደረግኩለት፤ እጄ ግን እንጨት ሆኖብኝ ነበር። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ "እሳቸው" እላቸው ነበር፤ ከዚያ በኋላ አንዴም አላልኩም።

ምክንያቱም ያቺ ሣጥን ዊልስደን፣ የእናቴ ቁም ሣጥን አናት ላይ ናት። ሀብቴ የእናቴ አያት ነው።

በእኛ ቤት የሚነገረው ታሪክ ይኸውላችሁ፤ የካፒቴኑ ስም ብቻ ከመሐል ጠፍቶ ነበር። ካፒቴኑ መርከቡን ሊያሳድስ ወደ ኤደን ሲሻገር ሣጥኗን ለሀብቴ ሰጠው። እኔ ራሴ እስክመጣ ለማንም እንዳትሰጥ፣ እንዳትከፍት፣ ከዚህ ወደብም እንዳትነቃነቅ አለው። ሀብቴ ተቀበለ። ካፒቴኑ አልመጣም። ሀብቴ በዚያ እሳት በሚወርድበት ጠረፍ አሥራ አንድ ዓመት ጠበቀው። እናቱ ስትሞት ለቅሶ አልሄደም። ሚስቱ ልጆቿን ሐረር ውስጥ እንጨት እየሸጠች አሳደገች። በመጨረሻ ወባ ገደለው፤ አንድ ነጋዴ ሣጥኗንና ኩታውን አምጥቶ ለሚስቱ ሰጣት፤ "ባለቤቱ ሲመጣ ስጡት" የሚል ቃል ጨምሮ። ከሚስቱ ለልጁ፣ ከልጁ ለእናቴ አለፈች። በረሃብ ዘመን እንኳ ማንም አልከፈታትም። አደራ ነቻ፣ ማን ይነካታል። እናቴ ወደዚህ ስትመጣም ሻንጣዋ ውስጥ በጋቢ ጠቅልላ አመጣቻት።

ያን ቀን ቤት ገብቼ ለእናቴ ነገርኳት። ታብዳለች ብዬ ነበር የጠበቅኩት። እሷ ግን የሰማችው አንዱን ነገር ብቻ ነው።

"ልጁ በሕይወት አለ ነው የምትይኝ?" አለችኝ።

"አለ እማዬ። አያትሽን ሌባ እያለ ይስቃል።"

"ተመስገን" አለች። "ባለቤቱ ተገኘ ማለት ነው። ይኼን ጉድ ሳልመልስ እሞታለሁ ብዬ ስንት ሌሊት ተጨንቄአለሁ።"

በማግስቱ የምትለብሰውን ልብስ እያወጣች አንጠልጥላ ጠበቀችኝ። አንድ ነገር ብቻ አጥብቃ ያዘች፤ አደራ የሚመለሰው በምስክር ፊት ነው። ሰው በሌለበት አልሰጥም አለች። እኔም ቅዳሜ አርባ እንግዳ ይመጣል አልኳት። ይህን ስላት ፊቴ ላይ ምን እንዳየች አላውቅም፤ ብቻ ትኩር ብላ አየችኝ። እኔ ያሰብኩት ሌላ ነው። ማኅበሩ ያን ምዕራፍ አንብቦ ስቆ ሳይጨርስ እናቴን ይዤ እገባለሁ። ሣጥኗን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለሁ። ዕንቁው ፊታቸው ሲፈስ የካፒቴኑ ስም አብሮ ይፈሳል። ረቡዕንና ሐሙስን በዚህ ሐሳብ እየተመገብኩ ዋልኩ። ሽማግሌውን ሳጥበው፣ ሾርባ ሳበላው፣ በልቤ "ትንሽ ቆይ" እለው ነበር።

ዓርብ ጠዋት ግን አላስቻለኝም። ለቅዳሜ እንዲያምርበት ጢሙን እየላጨሁት ነበር። ከቅዳሜ በፊት ፊቱ ሲለወጥ ለብቻዬ ማየት ፈለግኩ። ምላጩን አስቀመጥኩና አስተርጓሚው ሀብቴ የእናቴ አያት መሆኑን፣ ሣጥኗም እኛ ዘንድ መሆኗን ነገርኩት።

እንዴት አልጠየቀኝም። የት አላለኝም። ከንፈሩ ላይ ያለው ሳሙና እንኳ ሳይጠረግ የጠየቀኝ አንድ ነገር ነው።

"ተከፍታ ታውቃለች?"

"በጭራሽ" አልኩት።

ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ አታምጫት አለኝ። ወንዝ ውስጥ ጣያት፣ እባክሽ፣ እኔ የቀረኝ ዕድሜ ጥቂት ነው፣ ቢያንስ እስክሞት ጠብቂኝ እያለ እጄን ያዘ። የጠፋ ዕንቁው የተገኘለት ሰው እንዲህ አይልም። ወንበር ስቤ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩና ውስጧ ያለውን ካልነገርከኝ አሁኑኑ እከፍታታለሁ አልኩት። ሣጥኗ አጠገቤ አልነበረችም፤ እሱ ግን ያንን አያውቅም።

"ጠጠር ነው" አለኝ። "የባሕር ዳር ጠጠርና አሸዋ። አባቴ ራሱ ነው የሞላት። ዕንቁውን ኤደን ወስዶ ሸጦታል። ለሸሪኮቹ ተሰርቋል ለማለት ሣጥኗን ይዞ የታየ ሌባ ያስፈልገው ነበር።"

"ታዲያ ለምን እሱን መረጠ?"

ሳሙናውን በእጁ ጀርባ ጠረገ። "ታማኝ ስለነበረ" አለኝ። "ለሌባ ቢሰጣት በማግስቱ ከፍቶ ጠጠር መሆኑን ያይና ያጋልጠው ነበር። አባቴ ሲነግረኝ፣ የማይከፍት ሰው እስካገኝ ሦስት ወር ፈልጌአለሁ ነው ያለኝ።"

አንባቢዎቼ፣ ስድብ ሰምቼ አውቃለሁ። በዚህ አገር መንገድ ላይም ሥራ ላይም ተሰድቤአለሁ። እንደዚህች ዓረፍተ ነገር ግን አጥንቴ ድረስ የገባ ነገር የለም። ማክሰኞ ለምን ሳቅክ ታዲያ አልኩት። ከልጅነቴ ጀምሮ ሰው ሁሉ ሲስቅበት ነው የማውቀው፣ እውነቱን ከሰማሁ በኋላም ሳቁን ማቆም አልቻልኩም አለኝ። የቀረውን ግማሽ ጢሙን ላጨሁለት።

ያኔ ነው ጭንቅ የመጣብኝ። ሣጥኗ በሰው ፊት ከተከፈተች ሽማግሌው አበቃለት። ግን እናቴም ታያለች። አያቷ አሥራ አንድ ዓመት የቀለጠለት፣ አባቷ በረሃብ ጊዜ ያልነካው፣ እሷ ራሷ ስትሳለመው የኖረችው ነገር የባሕር ዳር ጠጠር መሆኑን በሰባ አራት ዓመቷ ታያለች። ሰውየውን ለመምታት እናቴን አሳልፌ መምታት አለብኝ። ዝም ብል ደግሞ ነገ አርባ ሰው በአያታችን ላይ ስቆ፣ ሰሌዳውን ሰቅሎ፣ ሻምፓኝ ጠጥቶ ይሄዳል።

ቅዳሜ ከዊልስደን በባቡር ስንሄድ እነግራታለሁ ብዬ ቆርጬ ነበር። እናቴ ነጭ በነጭ ለብሳ ሣጥኗን ጭኗ ላይ አስቀምጣ እንደ ሕፃን አቅፋታለች። አጠገባችን ለተቀመጠች ለማታውቃት ሴት ሁሉ ፈገግ ትላለች። ሁለት ጊዜ አፌን ከፈትኩ፣ ሁለት ጊዜ ዘጋሁት። ባተርሲ ደረስን።

ሳሎኑ ጢም ብሎ ሞልቷል። የማኅበሩ ሊቀመንበር፣ ረጅም ቀጭን ሰውዬ፣ ምዕራፉን አንብቦ ጨርሶ ሰዎቹ ገና ዓይናቸውን እየጠረጉ ነው። ሽማግሌው መሐል ወንበሩ ላይ ኮት ለብሶ ተቀምጧል። እናቴን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ። እኔ ጮክ ብዬ የአስተርጓሚው የልጅ ልጅ መጥታለች፣ ሣጥኗንም አምጥታለች ስል ሁሉም ወደ እናቴ ዞረ። ከዚያ ጭብጨባ ሆነ። ስልክ እያወጡ ፎቶ ያነሱ ጀመር።

እናቴ ሰዎቹን እያለፈች ሄዳ ሣጥኗን በሁለት እጇ አቀረበችለት። እኔ መሐላቸው ቆሜ አስተረጎምኩ።

"አባትዎ ለአያቴ የሰጡት አደራ ይኼውልዎት" አለች። "ዘግይተናል፣ ይቅር ይበሉን። የት እንዳላችሁ አናውቅም ነበር።"

ሽማግሌው አመሰገነ። በጣም ጥሩ፣ በኋላ እናየዋለን ብሎ ሣጥኗን ወደ ጎን ሊያደርጋት ሲል እናቴ እጇን ጫነችባት።

"ቆጥረው ይረከቡኝ" አለች። "ሳይቆጠር የተመለሰ አደራ አልተመለሰም። ነገ ጎደለ ቢባል ማን ይመሰክርልኛል?"

እሱ እኔን አየኝ። በለሆሳስ፣ አይከፈትም በያት፣ ያረጀ ነው ይበላሻል በያት አለኝ። ልብ በሉልኝ፤ በዚያ ቤት ሁለቱንም ቋንቋ የምሰማው እኔ ብቻ ነበርኩ። ለእናቴ አንድ ቃል ብዋሽ ሁለቱንም አድናቸው ነበር። እናቴን አየኋት፤ ግድግዳው ላይ ያለውን የካፒቴኑን ፎቶ አየሁ። ከዚያ ያለችውን እንዳለች ቃል በቃል ለእንግዶቹ አስተረጎምኩ። ሁሉም "ይከፈት፣ ይከፈት" አሉ። ወጥ ቤት ሄጄ ከመሳቢያ ካቻቢቴ ያመጣሁት፣ የእርሳሱን እሽግ የፈለቀቅኩትም እኔ ራሴ ነኝ።

አሸዋና ጠጠር ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ።

ከዚያ ሊቀመንበሩ ሳቀና፣ ይገርማል፣ አንካሳው ዕንቁውን አውጥቶ ጠጠር ሞልቶበታል፣ ልጆቹም መቶ ዓመት ጠጠር ሲጠብቁ ኖሩ አለ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔ ደነዘዝኩ። ይህን አላሰብኩትም ነበር። የካፒቴኑ እሽግ ብቻ ነበር ምስክራችን፤ እሱን ደግሞ በገዛ እጄ ሰብሬዋለሁ። ሽማግሌው ወለል ወለሉን ያያል። ዝም ካለ ይተርፋል።

"ምን አሉ?" አለችኝ እናቴ።

ነገርኳት። አያትሽ ሰርቆ ነው ጠጠር የሞላው እያሉ ነው አልኳት። እናቴ ጠጠሩን አየችው። አንዱን አንስታ በጣቷ አገላበጠችው፤ አስቀመጠችው። አላለቀሰችም። ወደ ሽማግሌው ዞረች።

"እኔም እርስዎም ያኔ አልነበርንም" አለች። "ከአባትዎ አፍ የሰሙትን ግን እርስዎ ያውቃሉ። ይቺን ሣጥን ሲያዩ የደነገጡት እኔ ደጃፍ ላይ ሳለሁ ነው። በአባትዎ አጥንት ይማሉና ይንገሯቸው።"

አስተረጎምኩ። ስለ አጥንት ያለችውን ስናገር ሳቁ ቆመ። ሽማግሌው ግራ ቀኝ አየ። ፎቶውን አየ። ሊቀመንበሩ ጎንበስ ብሎ፣ መልስ የመስጠት ግዴታ የለብህም አለው። እናቴ ምንም ሳትጨምር ቆማ ጠበቀችው፤ መጠበቅ ደግሞ እኛ ቤት በዘር የወረስነው ነው።

"አባቴ ነው የሞላው" አለ በመጨረሻ። "እሱ ራሱ ነግሮኛል። ዕንቁውን እሱ ሸጦታል። ሰውየው ምንም አላደረገም።"

እኔ በዚህ ያበቃል ብዬ ነበር። ሊቀመንበሩ ኮቱን እየፈለገ ነበር፤ ሌሎቹም ወደ በሩ ዓይናቸውን ጥለዋል። ለእናቴ ያለውን ሁሉ ነገርኳት፤ ለምን ሀብቴን እንደመረጠው ዓርብ የሰማሁትንም ጨምሬ። ፊቷ አልተለወጠም።

"እንዳይወጡ በያቸው" አለችኝ። "ገና አልተረከበኝም። ጠጠርም ቢሆን አደራ ነው፤ ይቁጠረው።"

ሽማግሌው ቆጠረ። በዚያ በሚንቀጠቀጥ እጁ አንድ በአንድ እያነሳ ወደ ሣጥኗ እየመለሰ፣ አርባ ሰው ቆሞ እያየ፣ ጮክ ብሎ ቆጠረ። አንድ ጊዜ ተሳስቶ መሐል ላይ ሲዘል እናቴ እንግሊዝኛ ባትሰማም ጣቷን አንስታ "እንደገና" አለች። እንደገና ጀመረ። ልቤ ቅቤ የጠጣው ያኔ ነው። ስድሳ ሦስት ጠጠር ነበር። ሲጨርስ፣ አንድም አልጎደለም ይበል አለችኝ። አልኩት። "አንድም አልጎደለም" አለ። እናቴ ለሰዎቹ ሁሉ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳችና ወጣን።

በመልስ ጉዞ ባቡሩ ውስጥ ሁለት እጇ ባዶ ሆኖ ጭኗ ላይ ተቀመጠ። ግማሽ መንገድ ላይ ማልቀስ ጀመረች፤ ዊልስደን ደርሰን ከባቡር ስንወርድም አላቆመችም። "ለእናቱ ለቅሶ እንኳ እኮ አልሄደም" ብቻ ነው ያለችው። ያ ዕንባ የእኔ ሥራ ነው፤ አልክድም። ሰውየውን ስመታ እሷን እንደምመታ አውቄ ነው የመታሁት።

ሰሌዳው አልተሰቀለም። እኔም ኤጀንሲውን ተውኩና አሁን ካምደን ውስጥ ልብስ ቤት እሠራለሁ። አለቃዬ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ታማኝ ስለሆንሽ ቁልፉን ላንቺ እሰጣለሁ ሲለኝ፣ ድሮ ቢሆን ደስታዬ ልክ አልነበረውም። አሁን ግን መጋዘኑ ውስጥ ያለውን አብረን ካላየን አልቀበልም አልኩት። ቅር አለው፤ ይበለው። ከዚያ ቀን ወዲህ የማላየውን ነገር አልጠብቅም። እናንተም ማንም ስለ ታማኝነታችሁ ሲያሞግሳችሁ ሣጥኑን አስከፍቱት ብዬ እመክራችኋለሁ።

ሽማግሌው ከፋሲካ በፊት ሞተ። ለእናቴ ስነግራት አማተበች። በማግስቱ ለቤተ ክርስቲያን ለሙታን የሚጸለይበትን የስም ዝርዝር ጻፊልኝ አለችኝ፤ የአያቷን የሀብቴን ስም፣ ከሱ ቀጥሎ ደግሞ የሽማግሌውን።

"እሱም እኮ የተናገረው ፈርቶ ብቻ አይደለም፤ መዋሸት ይችል ነበር" አለችኝ። "አደራ፣ ስሙን እንዳትዘይው።"

እሺ አልኳት። ወረቀቱን አጥፌ ሰጠኋት፤ ሳመችውና መሶበ ወርቅ እንደያዘ ሰው በሁለት እጇ ይዛው ሄደች። እናቴ ማንበብ አትችልም። ወረቀቱ ላይ የጻፍኩት አንድ ስም ብቻ ነው።